ሦስት መቶ አርባ ሊትር

ሰኔ 4 ቀን 2017፣ ረቡዕ

የኡርጌው የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ቀረ። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ደጀኔ ዛሬ ጠዋት ሁላችንንም ሰብስቦ ነገረን። ሊያበድሩ የነበሩት የውጭ ሰዎች ከእንግዲህ ከሰል ላይ ገንዘብ አናወጣም ብለው ወጥተዋል። "እኛን የሚነካን ነገር የለም" አለ። "የአካባቢ ጥናቱን በጊዜው አስረክበናል፣ ጸድቆልናል፣ ስማችን ንጹሕ ነው።" ከዚያ ስለ አዲሱ የመንገድ ጥናት ማውራት ጀመረ።

አራት ደቂቃ ነው የፈጀው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አባወራ ከነቡናው የተነሣበት ነገር በአራት ደቂቃ ተዘጋ። ሰዎቹስ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። መጠየቅ የሚገባኝ ግን እኔ ነበርኩ፤ የውሃውን ምዕራፍ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ኢምፔሪያል ላይ ታክሲ ውስጥ ከረዳቱ ጋር ተጣላሁ። "ጠጋ ጠጋ በሉ" ስላለ ብቻ። ልጁ ደንግጦ አየኝ። ከታክሲው የወረድኩት ሁለት ፌርማታ ቀርቶኝ ነው፤ በተቆፈረው መንገድ ጭቃውን እየረገጥኩ ገርጂ ድረስ በእግሬ መጣሁ።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ። እማዬ በረንዳ ላይ ምድጃ አቀጣጥላ ሽሮ ታበስላለች። ማመንጫው መቅረቱን ነገርኳት።

"ታዲያ ሰዎቹ ይመለሳሉዋ" አለች።

"እንደዚያ ቀላል አይደለም እማዬ።"

"ምኑ ነው የሚከብደው? ያ ነገር ካልተሠራ መሬቱ ባዶ ነው። ባዶ መሬት ደግሞ ለባለቤቱ ነው።"

እማዬ ሠላሳ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራች ሴት ናት። የወጣ ነገር ሁሉ ተመልሶ ፋይሉ ውስጥ የሚገባ ይመስላታል። "የማታውቂው ነገር አለ" ብያት ገባሁ፤ በሩን ጓ አድርጌ ዘጋሁት። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እንደ ጎረምሳ በር እዘጋለሁ።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ከማላውቀው ቁጥር ሁለት ጊዜ ተደወለ። አላነሣሁም። ቀጥሎ መልእክት መጣ። "ኢንጂነር ዕፀገነት፣ በዳሳ ነኝ፣ የኡርጌው። ለሚ ኩራ ልጄ ቤት ነኝ። ላገኝሽ እፈልጋለሁ።"

አባ በዳሳ። በ2015 የካቲት ወንዙን ስለካ የመለኪያውን ዘንግ ይዘውልኝ አሥራ ሰባት ቀን ውሃ ውስጥ አብረውኝ የቆሙት ሽማግሌ። ኡርጌ የት ጋ እንደሚሰፋ፣ የት ጋ ድንጋይ ሥር ገብቶ እንደሚሰወር ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።

ምን ፈልገው ነው? እኔ አላስነሣኋቸውም። ያስነሣቸው ወረዳው ነው። የእኔ ሥራ ውሃ መለካት ነበር፤ ለካሁ።

ሰኔ 15፣ እሑድ

አገኘኋቸው። ኢምፔሪያል አጠገብ ካለች አንዲት ካፌ ውስጥ። የመረጥኩት ጩኸት ያለበትን ቦታ ነው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሁለት ዓመት ብቻ ነው ያለፈው፤ አባ በዳሳ ግን አሥር ዓመት ጨምረዋል። የለበሱት ኮት ትከሻው ላይ ሰፍቷቸዋል። ሻይ አዘዙና ሳይጠጡት በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ሜዳ ላይ ነው ያሰፈሩን። በክረምት ውሃ ይተኛበታል። ቡና አይይዝም፣ በቆሎውም ይበሰብሳል። ማመንጫው ቀረ ሲሉን ደስ አለን። ቤታችን እንመለስ ብለን ሄድን። አጥር ነው የጠበቀን።"

"የማን አጥር?"

"የመንግሥት። መሬቱ ለኃይል ማመንጫ የሚመች መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል፣ ሌላ ባለሀብት እስኪመጣ ይጠበቃል አሉን። ውሃውም በቂ ነው አሉ። በጋም ክረምትም በቂ ነው ተብሎ ተጽፏል አሉ።" ከዚያ ዓይኔን አዩኝ። "እኔና አንቺ እናውቃለን እንጂ።"

የሚያነበው ሰው ባይኖርም ልጻፈው። ማመንጫው ከሰሉን አቃጥሎ እንፋሎት ይሠራል፤ እንፋሎቱን መልሶ ለማቀዝቀዝ ውሃ ይፈልጋል፣ በሴኮንድ ቢያንስ ዘጠኝ መቶ ሊትር። ኡርጌ በየካቲት ያለው ሦስት መቶ አርባ ሊትር ነው። ሪፖርቱ ውስጥ ግን አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ይላል። ከፊቱ አንድ ቁጥር ተጨመረ።

"ሦስት መቶ አርባ ብለሽ ጮክ ብለሽ አነበብሽ" አሉ አባ በዳሳ። "እኔ ዘንጉን ይዤ ነበር። አንቺ ደብተር ላይ ጻፍሽ። ያ ደብተር የት ነው?"

"ቢሮ ይሆናል" አልኳቸው። "እፈልገዋለሁ።"

"ነሐሴ ሃያ ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ እዚሁ ቦሌ ይሰበሰባል። ያንን ደብተር ካሳየን መሬቱ ለማመንጫ አይሆንም ማለት ነው። የሚይዙበት ምክንያት የለም።" ከዚያ በዝግታ ጨመሩ፣ "አንቺ ላይ ምን እንዳደረጉብሽ አላውቅም። ግን ክፉ አድርገዋል።"

ሒሳቡን ሊከፍሉ እጃቸውን ኪሳቸው ሲከቱ በቁጣ ከለከልኳቸው። ቁጣው ምን እንደነበር አልገባቸውም።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ደብተሩ ቢሮ አይደለም ያለው። አልጋዬ ሥር፣ የክረምት ጫማ ካርቶን ውስጥ ነው። ለምን ቢሮ ነው አልኩ?

ሰኔ 23፣ ሰኞ

ደጀኔን ቢሮው ገብቼ አነጋገርኩት። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላንኳኳ ነው የገባሁት።

"የኡርጌ የውሃ ቁጥር ስሕተት ነው" አልኩት። "ሰዎቹ መሬታቸው በዚያ ቁጥር ተይዟል። ማስተካከያ ደብዳቤ እንጻፍ።"

ወንበር ሳበልኝ። የሚያናድደኝ ይሄ ጨዋነቱ ነው። ደጀኔ ሰው ላይ አይጮህም። ሰው ሲሞትበት ለቅሶ የሚደርስ፣ ልጅ ሲወለድ የሚጠይቅ ሰው ነው።

"የቱ ቁጥር?" አለ።

"ታውቀዋለህ።"

"ዕፀገነት፣ የውሃው ምዕራፍ ላይ ያለው የማን ፊርማ ነው?"

"መጀመሪያ ያመጣሁልህ ሦስት መቶ አርባ ነበር። በዚህ ቁጥር ጥናቱ አያልፍም ብለህ መለስክልኝ።"

"እንደገና እዪው ነው ያልኩሽ። ቀይሪው አላልኩም።" ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። "ፕሮጀክቱ ሞቷል። የሞተ ፕሮጀክት አስከሬን ቆፍረሽ ምን ታገኛለሽ? ፈቃድሽን ታጪያለሽ፣ ሃያ ሦስት ሠራተኛ እንጀራውን ያጣል። አስቢበት።"

ወጣሁ። እንደገና እዪው። እንደገና እዪው። ምን ማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ መንገድ የሚጠርጉት ሴቶችም ያውቃሉ። ሰው እንዲህ ታጥቦ ይቀመጣል? ቃል ሳያጎድል፣ እጁ ሳይቆሽሽ?

እሱ ነው ጥፋተኛው። ሌላ ማንም አይደለም።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ይሕደጎን ፈለግኩት። የደኑንና የዓሣውን ክፍል የሚሠራው እሱ ነበር፤ ምዕራፉን ሲቀንሱበት አልፈርምም ብሎ ሥራውን ለቆ ወጣ። ያኔ ራሱን ያጸደቀ ይመስለኝ ነበር። "አንተ ብቻ ነህ ሕሊና ያለህ?" ብዬዋለሁ፣ በሰው ፊት። አሁን መገናኛ አካባቢ አንድ የግል ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተምራል። ትምህርት ስለተዘጋ የተማሪ ወረቀት የሚያርምበት ክፍል ውስጥ አገኘሁት። ሸሚዙ ክርኑ ላይ ሳስቷል። ሳየው መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ እንዲህ ሆኖ እንኳን ፊቱ ሰላም አለው።

ለኮሚቴው አብሮኝ እንዲመሰክር ጠየቅኩት። ደጀኔ ጫና ያደርግ እንደነበር እንዲናገር።

"ስለ ራሴ ምዕራፍ እናገራለሁ" አለ። "ስለ ውሃው ግን ምን ልበል? እኔ የማውቀው አንቺ የነገርሽኝን ነው።"

"ምን ነገርኩህ?"

ቀና ብሎ አየኝ። "ቁጥሩን አይቼ ጠየቅኩሽ እኮ። የመስኩ ሦስት መቶ አርባ ነበር፣ ይሄ ከየት መጣ ስልሽ፣ የሒሳብ እርማት ነው አልሽኝ።"

እንዲህ ማለቴን አላስታውስም አልኩት። ወደሚያርመው ወረቀት ጎንበስ አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስድብ ቢኖር መልስ ነበረኝ።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ዝናብ። ቢሮ ውስጥ ማንም አያናግረኝም። ደጀኔ የመንገድ ጥናቱን የቡድን መሪነት ለእኔ እንደሰጠኝ በኢሜይል አሳወቀ። እንኳን ደስ አለሽ ተባልኩ። እንኳን አብሮ ደስ አለን አልኩ። አፌ እንዴት እንደሚታዘዝ።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

እማዬ ከገብርኤል ስትመለስ አባ በዳሳ በራችን ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ስልክ አላነሣ ስላልኳቸው ቤቴን ሰው ጠይቀው መጥተዋል። እኔ ገበያ ሄጄ ነበር። ስመለስ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብለው ምሳ እየበሉ፣ እማዬም እየጎረሰችና እያጎረሰች፣ ሁለቱም የድሮ ሰው ወሬ ይዘው አገኘኋቸው።

አባ በዳሳ ሁሉንም ነግረዋታል። ቡናው በዶዘር ሲገፋ የጎረቤታቸው ሚስት ዛፉን አቅፋ አልለቅም እንዳለች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እንዳላቀቁ። አባታቸው የተቀበሩበት ቦታ አጥሩ ውስጥ እንደቀረ። እኔ ይሄን ዛሬ ነው የሰማሁት። ሰኔ ላይ አልነገሩኝም። ስላልጠየቅኳቸው ነው።

"ልጄ ደብተሩን አገኘሽው?" አሉኝ።

"ገና ነው አባ በዳሳ።"

እማዬ ሰሐኑን እያነሣች ቆመች። "የቱን ደብተር ነው? ያንን ሰማያዊውን?"

እማዬ ቤቱን የምታጸዳ ሴት ናት፤ ካርቶኑን ታውቀዋለች።

እሳቸውን ሸኝተን ስንመለስ ጠየቀችኝ።

"ቁጥሩን ማን ነው የቀየረው?"

"ተቀየረ እማዬ። እንደዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ብዙ ሰው እጅ አለበት።"

"ማን ቀየረው ነው ያልኩሽ።"

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ፋይል ስታመላልሺ ነው የኖርሽው" አልኳት።

ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። በደመወዟ አስተምራኛለች። ሻሿን ፈታች፣ አጣጠፈች፣ ወደ ክፍሏ ገባች። ይሄን የምጽፈው ወንበሯ ላይ ሆኜ ነው፤ ሰሐኖቹ አሁንም እንደተነሡ ናቸው፣ አላጠብኳቸውም።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ለሚ ኩራ ሄድኩ። ደብተሩን ለአባ በዳሳ ሰጥቼ ለመመለስ። ሰጥቼ ብቻ። ወረቀቱ ይናገር፣ እኔ ለምን?

ልጃቸው ሐሊማ ኮንዶሚኒየሙ ሥር መድኃኒት ቤት አላት። አባቷ ቀጠሮ ለማስያዝ ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር ወጥተው ነበር። ደብተሩን በነጭ ፖስታ ይዤ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

ከፍታ አየችው። ገጹን ስታገኝ ጣቷ ቆመ። የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ውሃ የነካው ሰማያዊ ቀለም፤ ሦስት መቶ አርባ።

"ሪፖርቱን አንብቤዋለሁ" አለችኝ። "እንግሊዝኛውን። ስምሽ የውሃው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ አለ። አዘጋጅም አራሚም አንቺ ነሽ። ሌላ ስም የለም።"

"የኃላፊዎች ጫና ነበር።"

"ይሆናል። አባቴ ግን ምን ብሎ እንደሚያምን ታውቂያለሽ? ቁጥርሽን ሰርቀው የለወጡብሽ ነው የሚመስለው። ማታ ሲሰግድ አንቺንም ይጠራሻል። ያቺ ልጅ ተበደለች ይላል።" ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ደንበኛ ገብቶ ነበር፤ የሳል ሽሮፕ ሰጥታ ሸኘችው። "አልነገርኩትም። ሰባ ዓመቱ ነው፣ የሚያምነው ሰው እየጠፋበት ነው። አንቺ ንገሪው፤ ወይ ደግሞ ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂና እንዳላየሁሽ እሆናለሁ።"

"ደብተሩ ብቻውን አይበቃም?"

"እኔ መድኃኒት የምሸጥ ሰው ነኝ" አለች። "የእኛ ወገን ያመጣው ደብተር ነው፣ ማንም ሊጽፈው ይችላል አይሉም? የጻፈችው ሴት ካልቆመችበት ወረቀት ነው።"

ይዤው ተመለስኩ። አዎ፣ ይዤው ተመለስኩ። ከአያት እስከ መገናኛ ሐሊማን በልቤ ስሰድብ መጣሁ። ምን አገባት፣ ማን ዳኛ አደረጋት፣ ከኔ በምን ትበልጣለች። ባቡሩ ሲቆም ስድቡ አለቀብኝ።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ዛሬ ሥራ አልሄድኩም። ጠዋቱን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ነኝ። ሁለት ወር ሙሉ ምን እንደጻፍኩ መልሼ አነበብኩት። "ተጨመረ።" "ተቀየረ።" እንደ ዝናብ፣ እንደ ውርጭ፣ ከሰማይ እንደወረደ።

የሆነው እንዲህ ነው።

2015፣ ሚያዝያ፣ ዓርብ ከሰዓት። ደጀኔ ሪፖርቱን መልሶልኛል፣ "እንደገና እዪው" ብሎ። ሌላው ሠራተኛ ወጥቷል። ሠንጠረዡን ከፈትኩ። ሦስት መቶ አርባ የሚለው ላይ ጠቋሚውን አስቀመጥኩ። የማስበው ስለ ኡርጌ አልነበረም። የማስበው የመሪነቱን ቦታ ለማን እንደሚሰጡት ነበር፤ ለእኔ ወይስ ለይሕደጎ። ደግሞም አገሪቱ መብራት ያስፈልጋታል ብዬ ነበር። ደግሞም የዝናብ ዘመኑ ሊሻሻል ይችላል ብዬ ነበር። ምክንያት አይጠፋም፤ አንድ ቁጥር ለመጨመር ሦስት ምክንያት ነበረኝ።

አንድን ተጫንኩ።

ከዚያ ሌሎቹ ቁጥሮች አልገጥም አሉኝ። የጥልቀቱንም አስተካከልኩ። የፍጥነቱንም። ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀብኝ፤ ጎበዝ ስለሆንኩ ማንም እንዳያገኘው አድርጌ ነው የሠራሁት። ይሕደጎ ሲጠይቀኝ የሒሳብ እርማት ነው አልኩት። አስታውሳለሁ። ሐምሌ ላይ አላስታውስም ስለውም አስታውሰው ነበር።

ማንም እጄን አልያዘም። እኔ ነኝ የቀየርኩት።

ደጀኔ ላይ ያለኝ ንዴት አልበረደም። ግን እስከ ዛሬ እሱ ላይ የጮህኩት የራሴን ድምፅ ላለመስማት ነው።

እማዬ ክፍል ገብቼ ነገርኳት። ስለ ፋይሉ የተናገርኩትንም ይቅር በዪኝ አልኳት። "ስለ ፋይሉ ይቅር ብያለሁ" አለች። "ሌላው የእኔ አይደለም። ባለቤቱ አለው።"

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ለአባ በዳሳ ነገርኳቸው። ከሐሊማ መድኃኒት ቤት ፊት ለፊት፣ የግንባታ ድንጋይ የተከመረበት ቦታ ላይ ተቀምጠን። ሐሊማ በመስኮት ታየን ነበር።

እሳቸው ያልገባቸው እንዳይኖር በአጭሩ ነው የተናገርኩት። "ማንም አልሰረቀኝም። ቁጥሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ ነው።"

አንድ ሲኖትራክ አሸዋ አራግፎ ሄደ። አቧራው እስኪያርፍ ጠበቁ።

"ጎርፍ ወሰደን ብንል ከአላህ ነው እንላለን" አሉ። "መንግሥት ወሰደን ብንል መንግሥት ነው፣ ሩቅ ነው። አንቺ ግን ቤቴ በልተሻል። ሚስቴ እግርሽን በሙቅ ውሃ አጥባሻለች።"

"አዎ።"

"እያወቅሽ።"

"እያወቅኩ ነው አባ በዳሳ።"

ተነሡ። ልደግፋቸው እጄን ዘረጋሁ፣ አልያዙትም። "ነሐሴ ሃያ ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ።"

"አሁን ያልሽኝን እዚያ ትያለሽ?"

"እላለሁ።"

"እንግዲህ እዚያ እንገናኝ" ብለው ገቡ። ልጄ አላሉኝም።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

የሥራ መልቀቂያ አስገባሁ። ደጀኔ ወደ ቤት ደወለ፤ እማዬ አነሣችው። "አለች፣ ግን አታነጋግርህም" ብላ ዘጋችበት።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ቦሌ፣ አራተኛ ፎቅ። ሦስት የኮሚቴ አባላት። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ኣብርሀት የሚባሉ፣ መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። አባ በዳሳና ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ በኩል፤ ደጀኔ ከጠበቃው ጋር በሌላው። ይሕደጎ ኋላ ወንበር ላይ ነበር። የተማሪ ወረቀት ይዞ መጥቷል።

ደብተሩን አስረከብኩ። ወይዘሮ ኣብርሀት ከሪፖርቱ ጋር አስተያዩት።

"ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?"

"የእኔ።"

"ሪፖርቱ ላይ ያለውስ ቁጥር?"

"እሱም የእኔ ነው። ለካሁት ያልኩት ሐሰት ነው። ሠንጠረዡን እኔ ነኝ የቀየርኩት፣ ሌሎቹንም ቁጥሮች እንዲገጥሙ አድርጌ ሠራኋቸው። የቱን የቱን እንደነካሁ በዚህ ወረቀት ዘርዝሬያለሁ።"

"ታዝዘሽ ነው?"

ደጀኔ ጣራውን ያያል። አዎ ብዬ በአንድ ቃል ልጎትተው እችል ነበር። "በዚህ ቁጥር አያልፍም፣ እንደገና እዪው ተባልኩ" አልኩ። "የተናገረው እሱ ነው፣ እዚህ አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል፤ እሱም እንደገባኝ አውቋል። የቀየረችው ግን የእኔ እጅ ናት።"

ደጀኔ እንዲናገር ዕድል ሰጡት። በጣም አዝኖ ተናገረ። "በባልደረባችን እምነት ጥለን ነበር። እኛም ተታልለናል።" ጠበቃው አንገቱን ነቀነቀ። ያንን ሐዘን ፊቱ ላይ ሳየው ወንበሩን ላነሣበት ቃጣኝ። ይሕደጎ ተነሥቶ የራሱን ምዕራፍ እንዴት እንደቆረጡበት፣ ማን ምን እንዳለው፣ በየትኛው ቀን፣ አንድ በአንድ ተናገረ። ደጀኔ ያኔ ብቻ ነው ጣራውን ማየት የተወው።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ከአባ በዳሳ ጋር ተገጣጠምን። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡኝ፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚሰጥ ዓይነት።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ውሳኔው ወጣ። ሐሊማ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፤ ሌላ ምንም አልጻፈችም። የኡርጌ ጥናት ተሰርዟል። መሬቱን ለማመንጫ ማቆየት ምክንያት ስለሌለው አጥሩ እንዲነሣ፣ ነዋሪዎቹ ወደ ይዞታቸው እንዲመለሱ ይላል። የእኔ የሙያ ፈቃድ ለአምስት ዓመት ታግዷል። መሥሪያ ቤቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል።

ማስጠንቀቂያ። አንድ ገጽ። ደጀኔ ፍሬም አድርጎ ይሰቅለው ይሆናል።

እማዬ ውሳኔውን በመነጽሯ ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ቁጥርና ቀን አለው፣ ማኅተም አለው" አለች። "ደህና ነው።" ከዚያ ነገ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።

መስከረም 24 ቀን 2018፣ ቅዳሜ

ሁለት ሳምንት ሆነኝ ይሕደጎ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ። እሱ ነው ያስገባኝ። ለምን እንዳስገባኝ አልጠየቅኩትም። ሰባተኛ ክፍል ናቸው፤ አንዷ ልጅ ሰሌዳ ላይ ስሳሳት እጇን አውጥታ ታርመኛለች።

ዛሬ ከሰዓት ለአባ በዳሳ ደወልኩ። ቁጥራቸውን ይዤ አሥር ቀን ነው የቆየሁት። አንሥተው "አቤት" አሉ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ከኋላቸው የመቆፈሪያ ድምፅና የሰው ወሬ ይሰማል።

ዕፀገነት ነኝ አልኳቸው። ስልኩን አልዘጉትም።

"ተመለሳችሁ?"

"ተመልሰናል። ግማሹ ሰው። ግማሹ ደግሞ ያለበትን ትቶ ለመምጣት ይፈራል። እንደገና ያስነሡን ይሆናል ብሎ።"

"ቤቱስ?"

"ቤት የለም። ሸራ ወጥረናል። ቡናውም የለም፣ ጉቶው ብቻ ነው ያለው። ጉድጓድ እየቆፈርን ነው፣ ችግኝ ልንተክል።"

ልል ያሰብኩትን አሥር ቀን ሙሉ ስለማመድ ነበር። የወጣልኝ ግን አጭር ሆኖ ነው። "አባ በዳሳ፣ ይቅር ይሉኛል?"

አልተቆጡም። ትንሽ አሰቡ፤ መቆፈሪያውም ቆመ።

"ቡና ሲተከል አራት ዓመት ይፈልጋል፣ ፍሬ እስኪሰጥ" አሉ። "ለቅመን ስንጨርስ ያኔ ደውዪና ጠይቂኝ።"

"እደውላለሁ።"

"እኔ ብሞት ሐሊማን ጠይቂ" አሉና ዘጉት።

2022 ብዬ እዚህ ጻፍኩት።